ከጃኬቱ ኪስ የወጣው

ደብረ ሲና፣ ጉም ደጁን በሸፈነበት ከሰዓት፤ የወይዘሮ ሸዋረገድ ልጅ ክብረአብ ከሞተ ሰማንያ ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ አብራው ትሠራ የነበረችው ነጃት ማዕድ ቀርባለች፣ ወይዘሮዋ ገና ጾማቸውን አልፈቱም።

ነጃት፦ ጃኬቱን አልወስደውም እትዬ ሸዋ። ኪሱን ብቻ ልየው ነው ያልኩዎት።

ሸዋረገድ፦ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ብዪ ነው ያልኩሽ። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተሽ እጅሽን ጃኬቱ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ትዘረጊያለሽ እንጂ ወደ እንጀራው አትዘረጊም? እንደው ጾም መሆኑ በጀን። በፍስክ ብትመጪ የኛን ሥጋ አንቺ አትበዪ፣ የናንተን እኔ አልነካ፣ ተፋጠን መቅረታችን ነበር። ሽሮ ግን የማንም ወገን አይደለችም።

ነጃት፦ እየበላሁ ነው እኮ። ይጣፍጣል።

ሸዋረገድ፦ እንደዚህ ነው የሚበላው? ወፍ ካንቺ ትሻላለች። ክብሬም መጨረሻው ላይ እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። ቆርሼ ሳጎርሰው ጉንጩ ውስጥ ይዞት ይቀመጣል፣ ዞር ስል ይተፋዋል።

ነጃት፦ እትዬ ሸዋ...

ሸዋረገድ፦ አላለቅስም፣ አይዞሽ። ጃኬቱን ለምን ፈለግሽው? ዕቃውን ሁሉ ወስዳችኋል። ያ ረጅሙ ጓደኛችሁ መጥቶ ኮምፒውተሩንም መጻሕፍቱንም በካርቶን ጭኖ ሄዷል። ልብሱን ለነዳያን ሰጠሁ። የቀረችኝ ይቺ ጃኬት ናት። ናዝሬት ያለችው ልጄ ስትመጣ «እማ፣ እጠቢያት እንጂ» ትለኛለች። ያላጠብኳት እያወቅሁ መሆኑ አይገባትም።

ነጃት፦ ታሞ እዚህ ሳለ ደውሎልኝ ነበር። አንድ ዕቃ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አለ፣ እኔ ከዘገየሁ መጥተሽ ውሰጂው አለኝ። እኔ ደግሞ በለቅሶው ቀን ምን ብዬ ልጠይቅ? ሰማንያው ይለፍ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ዕቃውን ውጭ አገር የሚያደርስልን ሰው ሐሙስ ይሄዳል።

ሸዋረገድ፦ የምን ዕቃ?

ነጃት፦ የሠራው ብረት ነው። ድካሙ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለቀው። ውጭ ባለው ትልቅ ማይክሮስኮፕ ከታየ ጽሑፉ ያልቃል፣ በስሙ ይወጣል። አስተማሪያችንም ዲግሪውን በስሙ አስወጣለሁ ብለዋል። ካልታየ ግን ሁሉም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሸዋረገድ፦ ለሞተ ሰው ዲግሪ። ላም አለኝ በሰማይ። ማን ሊሰቅለው ነው?

ነጃት፦ እርስዎ ይሰቅሉታል ብዬ።

ሸዋረገድ፦ የኔን ግድግዳ ቅዱሳን ሞልተውታል። ይሁን እስኪ፣ ገብርኤልን ትንሽ ጠጋ በል እለዋለሁ። ግን ልጄ፣ ኪሱ ውስጥ ብረት አልነበረም። እኔ ነኝ የፈተሽኩት፣ በነዚህ እጆቼ።

ነጃት፦ ብረት ሲባል ምስማር ወይ ቁራጭ አይምሰልዎት። የተፈጨ ነው።

ሸዋረገድ፦ ብረት ይፈጫል?

ነጃት፦ ይፈጫል። ወፍራም የብረት ጣሳ አለ። ብረቱን ቆራርጠን ከብረት ኳሶች ጋር እንከተውና ክዳኑን ጥርቅም አድርገን እንዘጋዋለን፣ ከዚያ ማሽኑ እንደ ወተት ይንጠዋል። ኳሶቹ እየወቀጡ እየወቀጡ ያልሙታል።

ሸዋረገድ፦ ታዲያ አይግልም? ወፍጮ ቤት ጤፍ ስናስፈጭ ዱቄቱ እጅ ያቃጥላል። ትኩሱን ቋጥረሽ ካስቀመጥሽው ይበላሽብሻል፣ አናፍሰሽ ነው የምትከቺው።

ነጃት፦ ጭንቀታችንም እሱ ነበር። ይሄ ብረት ሙቀት አይወድም። ተራው ብረት ቀልጦ ቀስ እያለ ሲረጋ፣ ውስጡ ያሉት ደቃቆቹ ነገሮች ረድፍ ረድፋቸውን ይይዛሉ። ይሄኛውን ግን ቀልጦ ሳለ ድንገት ነው የሚያቀዘቅዙት። ረድፍ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም፣ እንደተዘበራረቀ ይደርቃል።

ሸዋረገድ፦ መርዶ እንደሰማ ሰው በይኛ። ክው ብሎ ባለበት የቀረ።

ነጃት፦ አዎ... ልክ እንደዚያ። ጥንካሬውም እዚያ ላይ ነው። ሲፈጭ ከጋለ ግን ይነቃና ረድፍ ይይዛል፣ ያኔ ጠባዩ ሌላ ይሆናል፣ ተሰባሪ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ክብረአብ በብርድ እንፍጨው አለ። ይሄ የናንተ ብርድ አጠገቡ አይደርስም። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚባል አለ፣ ጣቱን የነከረበት ሰው ጣቱን ይሰናበታል። ጣሳውን በሱ እያቀዘቀዝን ነው የፈጨነው።

ሸዋረገድ፦ እሱን ደግሞ ከየት ታገኙታላችሁ?

ነጃት፦ ከከብት አዳቃዮቹ ለምነን።

ሸዋረገድ፦ አዳቃዩ በሞተር ይዞት የሚመጣው? ሲከፍተው የሚጨሰው፣ የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡበት?

ነጃት፦ እሱው ነው።

ሸዋረገድ፦ እኔ ልጄ ተምሮ ትልቅ ሰው ሊሆን ነው እያልኩ ሥላሴን አስጨንቃለሁ፣ እሱ ለካ ከኮርማ ጋር ወረፋ ይጠብቃል።

ነጃት፦ እሱም ይስቅበት ነበር። ሰዎቹ ባዩት ቁጥር ላሟ ያዘች ወይ ይሉታል። እሱ ደግሞ ኮስተር ብሎ፣ አልያዘችም፣ ድገሙልኝ ይላቸዋል።

ሸዋረገድ፦ አፈ ጮሌ። ይሄ አፉ ነው የናፈቀኝ። ብቻ ልጄ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ኪሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የነበረው ሌላ ነው።

ነጃት፦ ምን?

ሸዋረገድ፦ እምነት።

ነጃት፦ እምነት ማለት?

ሸዋረገድ፦ ውይ፣ አንቺ የት ታውቂዋለሽ። ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠን አመድ ነው፣ የተባረከ። የታመመ ሰው ግንባሩን ይቀባበታል፣ በጸበል በጥብጦም ይጠጣዋል። ክብሬ በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጃኬቱ ደረት ኪስ ውስጥ ይዞት ነበር።

ነጃት፦ በብልቃጥ...

ሸዋረገድ፦ አዎ። ቆይ ልንገርሽ፣ ይሄን ሳወራ አልቅሼም ቢሆን ደስ እያለኝ ነው። ታሞ የመጣ ጊዜ ኩላሊቱ ነው አሉኝ ሐኪሞቹ። መድኃኒቱንም ይውሰድ፣ ጸበልም እንሂድ አልኩት። እምቢ አለ። የነፍስ አባታችንን ለምኜ እቤት ድረስ አመጣሁለት፣ ፊቱን አዙሮ ተኛባቸው። እሳቸው ሲወጡ «እማ ተዪኝ፣ እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም» አለኝ፣ ግድግዳውን እያየ። በዚያው ሳምንት ሞተ። አስቢው እስኪ፣ ሳይናዘዝ፣ ሳይቆርብ። እኔ ሰው ቀብሬ አውቃለሁ፣ አባቱንም ቀብሬያለሁ። የክብሬ ግን ሌላ ሆነብኝ። ለቃሹ ልጄ ልጄ ስል ይሰማል፣ እኔ በሆዴ የምለው ወዴት ሄደ ነው። ሊገንዙት ሲሰናዱ ጃኬቱን አቅፌ ላለቅስ አነሳሁት፣ ብልቃጡ ዱብ አለ። ከፈትኩት፣ አመድ። ለካ ልጄ አፉ እምቢ እያለኝ ልቡ ላይ አድርጎት ኖሯል! ከግማሹ የሚበልጠውን ግንባሩንና ደረቱን ቀባሁት። በለቅሶ መሐል እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በአርባውም የነፍስ አባቴ ተነስተው ተናገሩት፣ በአፉ ከያዘ በኪሱ የያዘ ይበልጣል አሉ። ጉባኤው ሁሉ አለቀሰ።

ነጃት፦ ከየት ያመጣው መሰለዎት?

ሸዋረገድ፦ ከሩቅ ገዳም ነው። የኛ ነጣ ይላል፣ ይሄ ጠቆር ያለ ነው። ደግሞ ይከብዳል። ብልቃጡ ጣት አያህልም፣ እጅ ላይ ግን ድንጋይ ነው። ጸጋው ነው ያከበደው አልኩ። ምነው፣ አነቀሽ?

ነጃት፦ አይ፣ በርበሬው ነው።

ሸዋረገድ፦ ውሃ ጠጪ። እና ያንቺ ብረት ሌላ ቦታ ይሆናል።

ነጃት፦ አዎ። ሌላ ቦታ ይሆናል። ላቦራቶሪ መሳቢያውን በደንብ አላየሁትም። ይተዉት እትዬ ሸዋ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ሸዋረገድ፦ ባታገኚውስ? ዲግሪው?

ነጃት፦ ይቅር። ገብርኤልን አናስቸግረው።

ሸዋረገድ፦ ፊትሽ እንዲህ አመድ የመሰለው ለሱ ነው? አይዞሽ ልጄ። ሰው ራሱ ሄዷል፣ ወረቀቱ ቢቀር ምን ይባላል። በይ አንቺ ጨርሺ፣ ለኔም ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል፣ ጾሜን ልፍታ።

ነጃት፦ ላቅርብልዎት?

ሸዋረገድ፦ እህል ኋላ ነው። እኔ የምፈታው በሷ ነው፣ ከሱ በተረፈችው። በጸበል ቁንጥር አድርጌ በጥብጬ እጠጣታለሁ። ከተቀበረ ወዲህ አንድ ቀን አላቋረጥኩም። አፌን ብረት ብረት ይለኛል፣ ሆዴንም ትንሽ ይቆርጠኛል፣ ግን ልቤን የምታቆምልኝ እሷ ናት። አየሻት? እንዴት እንደምታብረቀርቅ እያት። በስመ አብ ወወልድ...

ነጃት፦ እትዬ ሸዋ፣ አይጠጡት።

ሸዋረገድ፦ ምን አልሽ?

ነጃት፦ አይጠጡት። ብርጭቆውን ይስጡኝ።

ሸዋረገድ፦ እጄን ልቀቂ። ነጃት፣ ልቀቂኝ ብያለሁ። ደፋሽው። ጸበሉን ምንጣፍ ላይ ደፋሽው።

ነጃት፦ ይቅር ይበሉኝ።

ሸዋረገድ፦ እንግዳ ብዬ ባስገባሁሽ፣ ከልጆቼ ሳልለይ ባጎረስኩሽ፣ ሃይማኖቴን ትረግጪልኝ? እናትሽ እንዲህ ብላ ነው ያሳደገችሽ?

ነጃት፦ እናቴ ከሚሴ ከተማ ያሉ ጎረቤቶቿ የማርያምን ጸበል ሲሰጧት በሁለት እጇ ነው የምትቀበለው። እኔም ጸበሉን ንቄ አይደለም። ውስጡ ያለው ብረት ነው። አፍዎን ብረት ብረት የሚልዎት፣ ሆድዎን የሚቆርጥዎት እሱ ነው።

ሸዋረገድ፦ ዋሽተሻል።

ነጃት፦ ወላሂ።

ሸዋረገድ፦ ዕቃሽን ስላጣሽ ነው። ዲግሪ ዲግሪ ስትዪ ሰው ጠፋብሽ።

ነጃት፦ ትቼልዎት ነበር እኮ። በልቼ፣ አመስግኜ ልሄድልዎት ነበር። ባይጠጡት ኖሮ ይሄን ከኔ አፍ አይሰሙም ነበር።

ሸዋረገድ፦ እኔ አመድ አላውቅም? ዕድሜዬን እሳት ዳር ጨርሼ አመድ ይጠፋኛል?

ነጃት፦ እሺ። ይቺን የሻሼን ማያያዣ ይያዙልኝ። ማግኔት ናት፣ በመርፌ ፋንታ ነው የምናደርጋት። ብልቃጡን ሳይከፍቱ ከውጭ ያስጠጓት። አመድ ከሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሸዋረገድ፦ አምጪው። ምንም ባይሆን ግን በዚያው በር ነው የምትወጪው።

ነጃት፦ እሺ።

ሸዋረገድ፦ ...ተነሳ።

ነጃት፦ አዎ።

ሸዋረገድ፦ ተነስቶ ቆመ። እንደ ጃርት። እጄን ባዞርኩበት ይዞራል።

ነጃት፦ ይበቃል እትዬ ሸዋ። ማግኔቷን ይስጡኝ።

ሸዋረገድ፦ ጨርቁስ? በነጭ ጨርቅ የጠቀለለው?

ነጃት፦ ብልቃጡ እንዳይሰበር ነው።

ሸዋረገድ፦ ልቡ ላይ ያደረገውስ?

ነጃት፦ የውስጥ ኪሱ እዚያ ስለሆነ ነው። ላቦራቶሪ መብራት እየጠፋ ፍሪጁ አላስተማመነውም፣ የእናቴ ቤት ከፍሪጁ ይበርዳል ብሎ ነው ይዞት የመጣው።

ሸዋረገድ፦ አንዱን እንኳ ብትተዪልኝ ምናለበት።

ነጃት፦ አንዱን ብተውልዎት ነገ መልሰው ይጠጡታል።

ሸዋረገድ፦ የቆጡን አወርድ ስትዪ የብብቴን ጣልሽብኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ የኔው ብቻ ነው እያደር የጨለመ። አሁን እዚህ ቤት አንገቴን ቀና አድርጌ የምቀመጠው በምን ነበር? ልጇ ተሰውሮ የሚያምን የነበረ ሲሉኝ ነበር። የማላውቃት ሴት ገበያ ላይ ትከሻዬን ስማኛለች፣ ታውቂያለሽ? ልጇ በኪሱ የያዘላት እርስዎ ነዎት ወይ ብላ። ሂጂልኝ በይ። መኪናው ያመልጥሻል።

ነጃት፦ እሄዳለሁ። ዱቄቱንም አልጠይቅዎትም። ብቻ እንዳይጠጡት፣ እሱን ይማሉልኝ።

ሸዋረገድ፦ በማን ሕይወት ልማልልሽ? እስከ ዛሬ በሱ ነበር የምምለው።

ነጃት፦ ደህና ይሁኑ እትዬ ሸዋ።

ሸዋረገድ፦ ቆይ። ውጭው ጉም ነው፣ ቁጭ በዪ። ምን ፈልጎ ነበር? ብረት በብርድ ፈጭቶ ምን ሊሆንለት?

ነጃት፦ አሁን ምን ያደርግልዎታል?

ሸዋረገድ፦ ስበላው ከርሜያለሁ፣ ምን እንደበላሁ ልወቅ።

ነጃት፦ ቅድም እንደተዘበራረቀ ይደርቃል አላልኩዎትም? እንደዚያው ሆኖ አይቀርም። እያደር ይረጋል፣ ውስጡ እየተጠጋጋ መፈናፈኛ ያጣል። ያኔ ሲመቱት አይችልም፣ እንደ ሸክላ ነው የሚሆነው። ብረቱ በዚያ ብርድ እየተወቀጠ ከተፈጨ ረድፍ ሳይዝ የተጠጋጋው ይላቀቃል፣ እንደ ቀለጠበት ቀን ይሆናል፣ ያረጀው ብረት ልጅ ይሆናል አለ ክብረአብ። አስተማሪያችን ደግሞ አይሆንም አሉት፣ ውርጅብኙ ራሱ ረድፍ ያስይዘዋል፣ አበላሽተኸዋል አሉት።

ሸዋረገድ፦ ዘግይቶ የሚመጣ ለቃሽ እንደዚያ ነው። ሐዘኔ ረጋልኝ ብለሽ ስትቀመጪ ደረቱን እየደቃ ይገባና እንደ ቀብሩ ቀን ያደርግሻል። አለዚያም ጨርሶ ይሰብርሻል። አንቺም መጣሽ።

ነጃት፦ ባልመጣ ይሻል ነበር።

ሸዋረገድ፦ ተይ፣ በብረት ተመርዤ ብሞት ላንቺ ምን ይበጅሻል። እና የቱ ሆነ? ልጅ ሆነ ወይስ ተበላሸ?

ነጃት፦ አልታወቀም። በዓይን አይለይም። መልሱ እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ብረቱም አልቆብናል፣ ሌላ የለንም።

ሸዋረገድ፦ ሳያውቅ ሞተ።

ነጃት፦ ሳያውቅ። የመጨረሻ ቀን ሲደውልልኝ እንኳ ድምፁ እየደከመ የጠየቀኝ ሰውየው መቼ ነው የሚሄደው ብሎ ነው።

ሸዋረገድ፦ እኔን ደግሞ ስለሱ ሳላውቅ ጥሎኝ ሄደ። እስኪ በፈጠረሽ ነጃት፣ እውነቱን ከጀመርሽው አትቁረጪው። እግዜርን ያነሳ ነበር? አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል?

ነጃት፦ እኔ ልሰግድ ስወጣ ማሽኑን የሚጠብቅልኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን፣ አንተስ አትጸልይም ወይ አልኩት። ሳቀ። «እኔ ጋ ምንም የለም፣ የእናቴ ለሁለታችን ይበቃል» አለኝ።

ሸዋረገድ፦ ለሁለታችን ይበቃል።

ነጃት፦ እንደዚያ ነው ያለው። ቀልዱን ይሁን የምሩን አላውቅም።

ሸዋረገድ፦ ለዚያ ማይክሮስኮፕ ምን ያህል ነው የሚበቃችሁ?

ነጃት፦ ቁንጥር ታህል ይበቃል።

ሸዋረገድ፦ ሁሉንም ውሰጂው። ጨርቁንም። ቤት ከቀረ እጄን አላምነውም። ግን ልጅ ሆነም ተበላሸም፣ መጀመሪያ ለኔ ነው የምትነግሪኝ፣ ለአስተማሪው አይደለም።

ነጃት፦ እሺ። ለነፍስ አባትዎስ ምን ሊሉ ነው?

ሸዋረገድ፦ ያየሁትን። ማለዳ እሄዳለሁ።

ነጃት፦ ዝም ቢሉስ እትዬ ሸዋ? ማንም አያውቅም፣ ከኔም አፍ አይወጣም። አርባውም ሰማንያውም ወጥቷል፣ ሰዉ በበጎ ያነሳዋል። እንደገና ሐዘን መቀመጥ ምን ይጠቅምዎታል?

ሸዋረገድ፦ እስከ ዛሬ ልጄ ደህና ቦታ ነው ብዬ፣ የማለቅሰው ለራሴ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ለሱ ነው።